መቱ ለመድረስ ቦሌ የሰነበትኩበት ሳምንት

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ደሴ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለህ! ለመሆኑ ቦሌ እንዴት ነው?» ይለኛል። ፒያሳ ለአንዱ ተርኬ ስጨርስ ሸዋ በር ላይ ለሌላው እንደ አዲስ መጀመር ሰለቸኝ። ስለዚህ ጻፍኩት። የፈለገ ያንብበው፤ ከእንግዲህ መንገድ ላይ አስቁሞ የሚጠይቀኝ ሰው ግን እንዳላይ።

የሄድኩበትን ጉዳይ ላስቀድም። እኔ ደሴ ቅርንጫፍ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ አስቴር አስተማሪ ናት፤ የተመደበችው ኢሉባቦር፣ መቱ ነው። ከተጋባን አምስተኛ ዓመታችን ሲሆን አብረን ያደርንበት ጊዜ ቢጠራቀም ሰባት ወር አይሞላም። ሦስት ዓመት የሆናት ልጅ አለችን። ባለፈው ክረምት መቱ ስደርስ በሩን የከፈተችልኝ እሷ ነበረች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ወደ ጓዳ ዞራ «እማዬ፣ አንድ ጋሼ መጥቷል» አለች። አስቴር ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያቺ ቃል ግን እስከ ደሴ ድረስ ተከትላኝ መጣች።

ዘንድሮ የመቱ ቅርንጫፍ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ጡረታ ወጡና ቦታው ክፍት ሆነ። ወዲያው አመለከትኩ። የደሴው አለቃዬም «አልቃወምም» ብለው ፈረሙልኝ። የቀረው ዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ገጽ የዝውውር ደብዳቤ መጻፉ ብቻ ነበር። ስድስት ወር ጠበቅኩ፤ ዝም። ሌላ ሰው ቦታውን ሳይቀድመኝ ብዬ የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁና ተነሳሁ። ወረቀቱ የሚያገለግለው ለስምንት ቀን ብቻ ነው።

ሰኞ

አውቶቡሱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል ተብሎ ገና ሳይነጋ ተሰለፍን፤ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት የቅቤ ቅል ታቅፈዋል። የኮምቦልቻን ቁልቁለት ስንወርድ ቅሉ ተዘነበለና ለአለቆች ፊት ብዬ ያስተኮስኳት ብቸኛ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። «አይዞህ ልጄ፣ ለጋ ቅቤ ነው፤ አይሸትም» አሉኝ። ይሸታል። ለጋም ቢሆን ይሸታል።

ሸዋ ሮቢት ሳንደርስ ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። የይለፍ ወረቀታችን ታየ፣ ሻንጣችን ተበረበረ። የኔን ሲከፍቱ የመፍቻና የጉጠት ከረጢቴ ወጣ። ፈታሹ አገላብጦ አገላብጦ «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የጽሕፈት መኪና መጠገኛ ነው፣ ጓድ።»

«ሥራህ ነው?»

«አይደለም፤ ትርፍ ጊዜዬን የማሳልፍበት ነው።»

«ትርፍ ጊዜ አለህ እንዴ?» ብሎ ትክ ብሎ አየኝ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሰውዬው እውነቱን ነው። ሰኞ የውይይት ክበብ፣ ረቡዕ የሠራተኛ ማኅበር፣ ዓርብ የቀበሌ ስብሰባ፣ እሑድ ጠዋት የልማት ዘመቻ። ከዚህ ሁሉ ቆርሼ የማስቀራት ጊዜ ብትኖር የተበላሸ የጽሕፈት መኪና ፊት የምቀመጥባት ናት። ሰው ዳማ ይጫወታል፣ ሰው ይጠጣል፤ እኔ ብሎን እፈታለሁ። ማንም አላስተማረኝም። አንድ ሰሞን የቢሯችንን መኪና ፈትቼ መልሼ ስገጥም አንዲት ብሎን ተረፈችኝ፤ መኪናው ግን ከበፊቱ የተሻለ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ለዚህ ሥራ ልቤ ጠፋ።

ደብረ ሲና ምሳ ሽሮ በላን፤ ሽሮው ቀጥኖ ከሣህኑ ሥር ያለው አበባ ይታያል። ጣርማ በር ላይ ብርዱ እስከ አጥንቴ ገባ፤ የጦሳ ተራራን ብርድ የለመደ ሰው አይበርደውም ያላችሁኝ ሁሉ ዋሽታችኋል። ኮተቤ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። መገናኛ ስወርድ እትዬ አልጋነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። አስቴርን ያሳደጓት አክስቷ ናቸው፤ የአዲግራት ሰው፣ አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ ባላቸው ከሞቱ የቆዩ። ከስንት ሰዓት ጀምረው እንደቆሙ ብጠይቃቸው «አሁን ገና መምጣቴ ነው ወደይ» አሉ። «ወደይ» በትግርኛ «ልጄ» ማለት ነው። እግራቸው ግን አብጦ ነበር።

ቤታቸው ከቦሌ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ነው። በአንድ ግቢ ሁለት ቤት ነበራቸው፤ ለኪራይ ያሠሩት ትልቁ ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰና የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ። እሳቸው ከኋላ በሁለቱ ትንንሽ ክፍሎች ቀሩ። ለራት ጥሕሎ ሠሩልኝ፦ የገብስ ሊጥ እየተድበለበለ በእንጨት ሹካ ተወግቶ ወጥ ውስጥ የሚጠለቅ። የገብሱ ዱቄት ከአገራቸው የተላከላቸው ነው፤ ለዓመት በዓል ሸሽገውት እንደነበር በኋላ ከጎረቤት ሰማሁ። አበላሉን ስላላወቅኩበት ሦስቱ ድብልብል ወጡ ውስጥ ሰጠሙብኝ። እሳቸው በጣታቸው እያወጡ አጎረሱኝ። ደሴ ብዙ ቤት በልቻለሁ፤ እንደዚያ የጎረስኩበትን ቤት ግን አላስታውስም።

ማክሰኞ

እንግዳ ያሳደረ ሰው ቀበሌ ሄዶ ማስመዝገብ አለበት፤ ይሄ እኛም ጋ አለ። እኛ ጋ የሌለው እትዬ አልጋነሽን ያጋጠማቸው ነው። ከበራቸው ሃያ ርምጃ ተራምደው፣ የገዛ ቤታቸውን በር አንኳኩተው፣ የገዛ ሳሎናቸው ውስጥ ወረፋ ያዙ። ወለሉን በእግራቸው ጫፍ እየነኩ «ይህን ንጣፍ የመረጥኩት እኔ ነኝ ወደይ። ሻጩ ቀዩን ግዙ ቢለኝ እምቢ አልኩ» አሉኝ፤ በሹክሹክታ።

ተራችን ሲደርስ የቀበሌው ጸሐፊ መዝገቡን ዘጋ። ካኪ የለበሰ ቀጭን ሰው ነው። «ዛሬ የውጭ እንግዳ ስለሚመጣ ነዋሪው ሁሉ መንገድ ዳር ወጥቶ ይቀበላል። መጀመሪያ አቀባበል፣ ከዚያ ምዝገባ።»

«እኔ እንኳ የዚህ ቀበሌ ነዋሪ አይደለሁም» አልኩ።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ልመዘገብ ነው የመጣሁት።»

«ሳትመዘገብ አድረሃል ማለት ነዋ?»

የወረቀት ባንዲራዋን ተቀበልኩ። ምን አማራጭ አለኝ? ቦሌ መንገድ ዳር ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት በፀሐይ ቆምኩ፤ ሱሪዬ ላይ ያለው ቅቤ እየቀለጠ። በመጨረሻ ጥቋቁር መኪናዎች ሽው ብለው አለፉ። አጨበጨብን። እንግዳውን ይሁን ሾፌሩን ያየሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሰልፍ ሲበዛ እግዜር ዝናቡን ይልክና ይበትነዋል፤ የደሴ ዝናብ ከስንቱ ስብሰባ እንዳዳነን የማይናገር ውለታ ቢስ ነው። የቦሌ ሰማይ ግን ጠብ አይልም።

ከሰዓት በኋላ ተመዘገብኩና ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ገሰገስኩ። ዝግ ነው። ዘበኛው «ሁሉም አቀባበል ወጥተው በዚያው ቀሩ» አለኝ። ለካስ ጠዋት አለቆቼም ከመንገዱ ማዶ ባንዲራ ይዘው ቆመው ኖሯል። እያውለበለብኩላቸው ነበር ማለት ነው።

ስለ ቦሌ ለምትጠይቁኝ፦ መንገዱ ሰፊ ነው፣ አጥሩ ረጅም ነው፣ ውሻው ብዙ ነው፣ ከራስ በላይ አውሮፕላን ያልፋል። እኛ ጋ ከፒያሳ ሸዋ በር ለመድረስ ሰላምታው ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል፤ እዚያ ግን ግማሽ ቀን ስመላለስ «ደህና ዋልክ» ያለኝ ሰው የለም። ይኸው ነው ቦሌ።

ረቡዕ

ዘበኛው ያለ ቀጠሮ አላስገባም አለ። ቀጠሮ የሚያዘው በስልክ ነው። ስልኩ የት ነው? ሕዝብ ስልክ ቤት። እግዜር ያሳያችሁ፤ ከቀጠሮ ሰጪው መስኮት ሥር ቆሜ፣ ኮፍያውን በመስኮቱ እያየሁ፣ ለእሱ ለመደወል በእግር ሃያ ደቂቃ ሄጄ አንድ ሰዓት ተሰለፍኩ። ሲደርሰኝ መስመሩ ተይዟል። ተመልሼ ለዘበኛው ብነግረው አዘነልኝና «በል ግባ፣ ደውለሃል ማለት ነው» አለኝ።

የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ጓድ ታምራት ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ማኅደሬን አስመጥተው አገላበጡ። «ጉዳይህ አልቋል እኮ ጓድ ደምሴ። መቱ መሄድህን ከሦስት ወር በፊት ነው የፈቀድነው።»

«ታዲያ ደብዳቤው?»

«የጽሕፈት መኪናችን ተበላሽቶ ነው።»

አንዱ መኪና ተበላሽቷል፤ ሁለተኛው ከእሱ በፊት ተበላሽቷል፤ ሦስተኛው መጋዘን ነው። ታይፒስቷ ሰብለ በእጇ ሹራብ እየሠራች ትውላለች፤ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጨርሳለች። ከመኪናው አጠገብ ስቀመጥ ነገሩን ሁሉ አጫወተችኝ።

«ጠጋኝ ይላክልን ብለን ለሚመለከተው ጽፈን ነበር።»

«በምን ጻፋችሁት?»

«በእጅ ነዋ።»

«ምን አሏችሁ?»

«በታይፕ ያልተጻፈ ደብዳቤ አንቀበልም ብለው መለሱት።»

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጡ። ለልጄ እስከ ዛሬ «አንድ ጋሼ» ሆኜ የቀረሁት በዚህ ኖሯል! እኔ ጠላት ያለኝ፣ ፋይሌን ሆን ብሎ የቀበረ ሰው ያለ መስሎኝ ስድስት ወር ሙሉ ተብከንክኛለሁ። መኪናውን ሳብ አድርጌ አንድ ፊደል መታሁ። ፊደሉ ይመታል፣ ወረቀቱን የተሸከመው ሰረገላ ግን አይራመድም፤ ሁለተኛው ፊደል የመጀመሪያው ላይ ይወጣል። በሽታውን ወዲያው አወቅኩት። ሰረገላውን የሚስበው ገመድ ተበጥሷል።

«ይሄማ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ እኔ እጠግነዋለሁ» አልኩ።

ሰብለ ሹራቧን አቆመችና ወደ በሩ አየች። «ወንድሜ፣ ተው። እዚህ ቤት አውቃለሁ ያለ ሰው አይለቀቅም። ከፈለግክ ማንም ሳያይ ለአንድ ደብዳቤ የምትሆን አድርጋትና ወረቀትህን ይዘህ ሂድ።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ። ልጅቷ መከረችኝ። እኔ ግን የሰማሁት «አውቃለሁ ያለ ሰው» የምትለዋን ብቻ ነው።

ሐሙስ

ጠዋት የመፍቻ ከረጢቴን ይዤ ስወጣ እትዬ አልጋነሽ ሻይ ሰጡኝ፤ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት። ስኳር በራሽን ነው፣ የእሳቸው ብርጭቆ ግን ባዶ ሻይ ነው። «እኔ ስኳር ትቻለሁ» አሉ። የዚህችን አገር ስኳር የተወ ሽማግሌ ብዛቱ!

ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን በር አጠገብ አንድ አዛውንት ጫማ ሰፊ አሉ። ጠንካራ የናይሎን ክር ፈለግኩ። ለምን እንደሆነ ስነግራቸው ክሩን በሰም አሽተው፣ ሦስት አጥፈው ገመዱልኝ፤ ዋጋውን ግን አልቀበልም አሉ። «ለሚስትህ መሄጃ ከሆነ በነጻ ነው» አሉኝ።

መኪናውን በሦስት ሰዓት ፈታሁ፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ገጠምኩ። ሰብለ ቁጭ ብላ መታች፤ ሰረገላው ተራመደ፣ ጫፍ ሲደርስ ደወሉ ጮኸ። ከየቢሮው ሰው ወጣ። አጨበጨቡ! ማክሰኞ እኔ ለመኪና ማጨብጨቤን ረስቼ ደስ አለኝ። ጓድ ታምራት መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «እስቲ ሁለተኛውንም እየው» አሉ።

እዚህ ላይ ልዋሽ እችል ነበር፤ አስገደዱኝ ልል። ማንም አላስገደደኝም። ሁለተኛውን አየሁ። ሦስተኛውንም ከመጋዘን አስወጣሁ። ከዚያ የቆመውን የግድግዳ ሰዓት ራሴ ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት፤ አውርድ ያለኝ ሰው አልነበረም። ዘይት እስከ ክንዴ ደርሷል፣ ሠራተኛው ዙሪያዬን ቆሞ «እጁ ወርቅ ነው» ይላል፣ ሻይ ይመጣልኛል። ደሴ ላይ ከረጢቴን ስከፍት «አሁንም ይሄን ቅራቅንቦህን?» ነው የምባለው። ዓመት ሙሉ እንደዚያ ቀን አልተደሰትኩም። ሰብለ ሁለት ጊዜ በአጠገቤ ስታልፍ «አልበቃህም?» አለችኝ። አልበቃኝም ነበር።

ለመውጫ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጓድ ታምራት ቆመው የሚሠራውን ሰዓት አዩ፣ እኔን አዩ። «ነገ ጠዋት ደብዳቤህን ውሰድ» አሉኝ። እየዘፈንኩ ነው ቤት የገባሁት። እትዬ አልጋነሽ እልል አሉ፤ ወዲያው ግን አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ፤ ትልቁ ቤት ውስጥ ስብሰባ ነበር።

ዓርብ

ደብዳቤውን ሰብለ ሰጠችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም። በጥሩ ሁኔታ የተመታ፣ ማኅተሙ የደመቀ፣ አንድም ስርዝ የሌለው ደብዳቤ ነው። «በዋናው መሥሪያ ቤት ለሥራው እጅግ አስፈላጊ ሆነው በመገኘትዎ» ይላል፤ «ከደሴ ቅርንጫፍ ወደ አዲስ አበባ የተዛወሩ መሆኑን እያስታወቅን» ይላል።

ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ ቀጠሮ ሳልጠይቅ በሩን ከፍቼ ገባሁ።

«ጓድ፣ እኔ የጠየቅኩት መቱን ነው።»

«መቱን ሰርዘነዋል። እንዳንተ ያለ ባለሙያ መቱ መዝገብ ቤት ምን ይሠራል? ሰው አዲስ አበባ ለመግባት እግራችን ሥር ይወድቃል፤ አንተ ትቆጣለህ?»

«ሚስቴ መቱ ናት። ልጄ መቱ ናት።»

«እሷም ታመልክት።»

«አስተማሪ ወደ አዲስ አበባ እንደማይዛወር እርስዎም ያውቃሉ።»

ያውቃሉ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ «እስቲ አንድ ሁለት ዓመት እንየው» አሉኝ፣ ሰዓቱን ቀና ብለው እያዩ። ለመንኩ። ደሴ ላይ ማንንም ለምኜ አላውቅም፤ እዚያ ጠረጴዛ ፊት ግን እጄን አጣምሬ ለመንኩ። የስብሰባ ሰዓት ደረሰና ተነሱ።

ኮሪደሩ ላይ ሰብለ ተከትላኝ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «ብነግርህ ይሻላል ወይስ ባልነግርህ እያልኩ አደርኩ» አለች።

«ንገሪኝ።»

«የመቱውን ደብዳቤ ጽፌው ነበር። ትናንት መኪናውን እንደጨረስክ፣ መጀመሪያ የጻፍኩት እሱን ነው፤ ቶሎ ይዘህ እንድትሄድ። ከምሳ በኋላ ጓድ ታምራት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። አንተ ሦስተኛውን መኪና ስትከፍት እሱ ብዕሩን ይዞ በበሩ ቆሞ ያይህ ነበር። ሰዓቱን ስታወርድ ተመልሶ ገባና ቀደደው።»

በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት የሚለውን ስሰማ እስቅ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ምን አፍራችኋለሁ፣ አለቀስኩ። ዘበኛው ውሃ አመጣልኝ።

ቅዳሜ

የይለፍ ወረቀቴ ሁለት ቀን ይቀረው ነበር፤ መቱ ግን በሁለት ቀን አይደረስም፣ ወረቀቱም የሚያገለግለው ለአዲስ አበባ ነው። ወደ ደሴ ተሳፈርኩ። እትዬ አልጋነሽ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኙኝ። «እዚህ ከመጣህ ከኔ ጋር ትኖራለህ፤ ቤቴ ቤትህ ነው ወደይ» አሉኝ። ደስ ያላቸው መስሎኝ ተናደድኩ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ደስታ አልነበረም። ያሳደጓት ልጅ እኮ ናት መቱ ብቻዋን የቀረችው። በእጄ አንድ ጥቅል አስያዙኝ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ስከፍተው ስኳር ነው።

ደሴ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። አለቃዬ አቀፉኝ፤ የሥራ ጓደኞቼ «ቦሌ ገባህ!» ብለው ጠጅ ጋበዙኝ። ለማን ምን ይባላል? ጠጣሁ።

ለአስቴር ጻፍኩላት። ሦስት ወረቀት ቀድጄ አራተኛውን ላክሁ። «ከበላይ በመጣ ትእዛዝ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬአለሁ፤ ብለምንም አልሰሙኝም» አልኳት። ይሄ እውነት ነው። ስለ ጽሕፈት መኪናዎቹ ግን አንድ ቃል አልጻፍኩም፤ ስለ ሰዓቱም፤ ስለ ጭብጨባውም። እናንተ አሁን አውቃችኋል፤ ከእሷ ጆሮ እንዳይደርስ አደራ።

መልሷ ትናንት መጣ። «ትእዛዝ ከሆነ ምን ታደርጋለህ» ትላለች። «አንተ የምትችለውን ሁሉ አድርገሃል። ለልጅቷም አባትሽ ስላንቺ ብሎ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ለመነ ብዬ ነግሬያታለሁ። አንተ ምን ጥፋት አለብህ።»